የተላጠ ብሎን

ሰዓት ሰሪው ዕድሜው ስድሳን እስኪሻገር ድረስ መኪና ሥር ተኝቶ አያውቅም ነበር። ሱቁ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ከመስታወት ሣጥኑ ጀርባ አንድ ወንበርና አንድ መብራት አለ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰዓት የሚናገሩ ሰዓቶች ተሰቅለዋል። ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ማየት ከጀመረ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል። ባትሪ የሚያስቀይር ይመጣል፣ ማሰሪያው የተበጠሰበት ይመጣል፣ አልፎ አልፎም የአባቱን ሰዓት በመሐረብ ጠቅልሎ የሚመጣ ይገጥመዋል። እንዲህ ያለው ሲመጣለት ደስ ይለዋል። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ይሰካና፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ ነክቶ ይፈታል። እጁ አይንቀጠቀጥም። ብሎን አበላሽቶም አያውቅም።

ትዳር አልያዘም። ወጣት ሳለ ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው መድኃኒት ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሰዓቷ በየሳምንቱ ይቆም ነበር። እሱም በየሳምንቱ ከፍቶ ያየዋል፣ ያጸዳዋል፣ "አሁን ደህና ነው" ብሎ ይመልስላታል። ሰዓቱ ምንም እንዳልሆነ፣ ሆን ብላ እንደምታቆመው የገባው ሌላ ሰው አግብታ ከሄደች በኋላ ነው።

የሚኖረው ከታላቅ ወንድሙ ጋር ነበር፤ ወላጆቻቸው ትተውላቸው ባለፉት ባለ ሦስት ክፍል ቤት። ወንድሙ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሳቁ ከግቢ ውጭ የሚሰማ፣ ሰፈሩ "ጉልቤ" እያለ የሚጠራው ሰው። አግብቶ ፈቷል፤ ልጅ አልወለደም። ሥራ ላይ ሳለ ለሳምንታት መንገድ ላይ ይከርምና፣ ሲመለስ ቤቱን በጫማና በቦርሳ፣ በናፍጣ ሽታም ይሞላዋል። ጡረታ ሲወጣ አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ገዛ። ከዚያ በኋላ እሑድ ጠዋት ግቢው የእሷ ሆነ። ጉልቤ እግሩን ብቻ ውጭ አስቀርቶ ከሥሯ ይገባል። ብረት ከብረት ሲላተም ይሰማል፤ ቀጥሎ ስድብ፣ ቀጥሎ ጸጥታ።

ሰዓት ሰሪው አንዳንዴ በር ላይ ቆሞ ልርዳህ ወይ ይለዋል። ከመኪናው ሥር የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦

"አንተ እጅህን ጠብቅ።"

ይህ ፍቅር ይሁን ንቀት ሰዓት ሰሪው ለይቶ አያውቅም። ጠይቆም አያውቅም። ሁለቱ ብዙ የሚነጋገሩ ወንድማማቾች አልነበሩም። ራት ሲቀርብ ሬዲዮ ይከፈታል፤ ሬዲዮው ያወራል፣ እነሱ ይበላሉ። አንዱ ጨው አነሰው ይላል፣ ሌላው ጨው ያቀብላል። ተጣልተው አይደለም። እንዲያው ሲኖሩ ሲኖሩ ወሬው በየት በኩል እንደሚጀመር ጠፍቶባቸው ነው።

ጉልቤ ሲታመም መሪው ወደ ታናሽየው ዞረ። ሰዓት ሰሪው መንጃ ፈቃድ ካወጣ ብዙ ዘመን ቢሆነውም በደንብ የነዳው ያን ጊዜ ነው፤ ወንድሙን ሐኪም ቤት ሲያመላልስ። በሽተኛው ከጎኑ ተቀምጦ፣ በዚያ ሁሉ ሥቃይ መካከል፣ የማርሽ አቀያየሩን ይነቅፍ ነበር። ዝናቡ ሊገባ ሲል አረፈ። መኪናዋም ከመጨረሻው የሐኪም ቤት ጉዞ እንደተመለሰች ግቢው ውስጥ፣ የጣሪያው ውሃ በሚንጠባጠብበት ጥግ፣ ክረምቱን በሙሉ ቆመች።

የሁለቱም ታላቅ የሆነች እህት አለቻቸው። ግማሽ ቀን የሚያስነዳ መንገድ ርቃ ከልጇና ከልጅ ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ወንድሟ ሲሞት ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ስለነበረች ቀብሩ ላይ አልቆመችም። ዝናቡ ሲያባራ በምርኩዝ መራመድ ጀመረችና ለሰዓት ሰሪው ደወለችለት። እሷ ዘንድ እሱ አሁንም "ማሙሽ" ነው። ራሰ በራ መሆኑን ብታውቅም፣ ሽበቱን ብታይም፣ ማሙሽ ነው።

"ማሙሽ፣ ና ውሰደኝ" አለችው። "ያለበትን በዓይኔ ሳላይ ሞተ ብዬ አልቀበልም።"

መኪና ተከራይቼ ልምጣ አላት። እንደዚያ አልፈለገችም። ጉልቤ በየዓመቱ "በራሴ መኪና መጥቼ እወስድሻለሁ፣ ከፊት ነው የምትቀመጭው" እያለ ሲሸነግላት እንደኖረ ነገረችው። እሱ ቢዋሽም መኪናው አልዋሸም፤ በመኪናው ነው የምሄደው፣ ቢዘገይም ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ አለች። እሺ እትዬ ከማለት በቀር ምን ይላል?

ባትሪውን አስሞላ። ሞተሩ ካንገራገረ በኋላ ተነሣ። ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ሲለቅ ግን መኪናዋ አንድ ጊዜ ነጠቅ ብላ ተንዘፈዘፈችና ቀጥ አለች። የፊት ግራው ጎማ በምስማር የተመታ ይመስል ንቅንቅ የለም። ከዋናው መንገድ ዳር ካለው ጋራዥ መካኒክ ለመነና አመጣ። መካኒኩ ተንበርክኮ አየ፣ ጎማውን በጫማው መታ መታ አደረገ። ዝናብ ላይ ቆማ የፍሬኑ ሸራ ዝጎ ዲስኩ ላይ ተጣብቋል አለው። ጎማው ይወልቅና ሸራውን አቅፎ የያዘው ብረት ከኋላው በሁለት ብሎን ታስሯል፣ እነሱ ተፈቱ ማለት አለቀ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት፣ ነገ ዕቃ ይዤ እመጣለሁ አለና ሄደ። ሰዓት ሰሪው በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ጠበቀው። ደወለለትም፤ አሁንም ነገ አለው። "ነገ" መካኒክ ዘንድ የቀን ስም ሳይሆን የስንብት ቃል መሆኑን ሲረዳ መጠበቁን ተወው።

ያን ጊዜ ነው የወንድሙን የዕቃ ሣጥን የከፈተው። ከአልጋው ሥር ጎትቶ ሲያወጣው ወገቡን ሊቆርጠው ደረሰ። ቁልፎቹ በዘይት የከበዱ፣ ቁጥራቸው የጠፋ፣ አንዳንዶቹ አፋቸው የተከፈተ ናቸው። ከመሐላቸው የራሱን የሥራ መሣሪያ የሚመስል አንድም አላገኘም። ሁሉንም በጋዜጣ ላይ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደራቸው። መደርደሩ ደስ አለው፤ መጠቀሙ ነው የቸገረው።

ጎማውን ለመፍታት ገና የሚያስረውን አንደኛውን ዳዶ ሲነካ የወንድሙን ጉልበት አገኘው። ጉልቤ ያሰረውን የሚፈታ ሌላ ጉልቤ ብቻ ነው። ቁልፉን ይዞ ተንጠለጠለ፤ ምንም። ከግድግዳው ሥር የተጣለ የውሃ ቱቦ አገኘና እጀታው ላይ ሰክቶ አስረዘመው፤ አሁንም ምንም። በመጨረሻ በሁለት እጁ የመኪናዋን ጣሪያ ተደግፎ ቱቦው ላይ ወጣና ቆመ። ዓይኑን ጨፍኖ ዘለል ዘለል ሲል ዳዶው እንደሚያቃስት ሰው ድምፅ አሰምቶ ለቀቀ። ሰዓት ሰሪው በመቀመጫው ወደቀ። ማንም እንዳላየው ለማረጋገጥ ዘወር ዘወር ብሎ ተመለከተ። ግቢው ውስጥ ሰው አልነበረም። አለመታየቱ ደስ ሊለው ሲገባ፣ የሚስቅበት ሰው አለመኖሩ ትንሽ ከፋው።

ጎማው ወጣ። የላይኛው ብሎን ናፍጣ ጠጥቶ ካደረ በኋላ እየተነጫነጨ ተፈታ። የታችኛው ግን ሌላ ነገር ሆነበት። መጀመሪያ ነገር አይታይም፤ ከብረቱ ጀርባ ስለሆነ ጉንጩን መሬት ላይ አስተኝቶ በመስታወት ነው የሚያየው። ከኋላ ሆኖ የሚፈታ ብሎን ደግሞ ከፊት ለሚያየው ሰው አቅጣጫው ይገለበጣል። የላይኛውን ከኋላው ጎንበስ ብሎ እያየ ስለፈታው ሰዓት ሰሪው ይህን አልጠረጠረም። በዚያ ላይ በሰዓት ውስጥ በግራ የሚጠብቁ ብሎኖች ስላሉ ግራና ቀኝ ለእሱ የታመኑ ነገሮች አይደሉም። እናም አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ፣ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ድረስ፣ ብሎኑን ሲያጠብቀው ዋለ። ስህተቱ የገባው እጁን ሊታጠብ ተነሥቶ ቧንቧውን ሲዘጋ፣ እጁ ወዴት እንደዞረ አይቶ ነው። እርጥብ እጁን አንጠልጥሎ ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆመ።

በማግስቱ አቅጣጫውን አስተካክሎ ቡሶላውን፣ የብሎን ራስ የሚውጠውን ቁልፍ፣ የብሎኑ ራስ ላይ አጠለቀ፣ ቱቦውን ሰካ፣ ገፋ። አንድ ነገር ለቀቀ። ተፈታ ብሎ ልቡ በደስታ ዘለለች። መስታወቱን አስገብቶ ሲያይ ግን ብሎኑ ካለበት አልተነቃነቀም፤ የዞረው ቡሶላው ብቻ ነው። የብሎኑ ስድስት ማዕዘን ተልጦ እንደ ተላሰ ከረሜላ ክብ ሆኗል።

በሕይወቱ የመጀመሪያው የተላጠ ብሎን ነበር። መኪናዋ ሥር ተጋድሞ እጁ ላይ ያለውን ቁልፍ ያያል፣ መስታወቱን ያያል። የሰው አጥንት የሰበረ ያህል ፍርሃት ያዘው። ቀጥሎ ባሉት ቀናት ከሱቅ ሲመለስ ልብሱን ቀይሮ የሚሮጠው ወደዚያ ብሎን ነው። ናፍጣ አጠጣው። በመዶሻ ዙሪያውን ቀጠቀጠው። አነስ ያለ ቡሶላ በግድ ራሱ ላይ ቸነከረበት፤ ቡሶላው ተሰነጠቀ። በፒንሳ ነከሰው፤ ፒንሳው እየተንሸራተተ ብረቱን እንደ አይብ ቆረሰው። በመጨረሻ ወደ ራሱ ሙያ ተመለሰ። ከሱቁ ጥሩ ሞረድ አመጣና፣ በመስታወት እያየ፣ በአንድ እጁ ብቻ፣ ለብሎኑ ሁለት ትይዩ ጎኖች አወጣለት። ለሰዓት የሚሆን ሥራ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ልክክ ያለ። ቁልፉ ሲገባበት አልተነቃነቀም። እጁን ጠርጎ ቀስ ብሎ ሳበ። የሠራው ጎን እንደ ሰም ተጠቀለለ።

ያን ጊዜ ነው የተናደደው። እንዴት እንደተናደደ ራሱም አልገባውም። መዶሻውን አንሥቶ ብሎኑን፣ ብረቱን፣ ዲስኩን፣ ያገኘውን ሁሉ መታ፤ ወንድሙ ይሳደብ የነበረውን ስድብ አንድ በአንድ፣ በወንድሙ ድምፅ፣ ተሳደበ። የጣቱ መገጣጠሚያ ከብረቱ ጠርዝ ጋር ተገናኝቶ ቆዳው ተገፈፈ። ደሙን ሲያይ ቆመ። ጀርባውን ለመኪናዋ በር ሰጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ቀብር ላይ አላለቀሰም ነበር፤ ሰው ይበዛ ነበርና ያፍር ይሆናል። አሁን ግን እንባው በናፍጣ በተለወሰ ፊቱ ላይ ወረደ፣ ንፍጡም ወረደ፣ በየትኛው እጁ እንደሚጠርገው እንኳ ግራ ገባው፤ ሁለቱም ቆሽሸዋል።

በነጋታው ሱቁ ውስጥ አንዲት ሴትዮ የባሏን የእጅ ሰዓት ይዛለት መጣች። ማጉያውን ሰክቶ፣ ቀጭኗን ካቻቢቴ አንሥቶ ሊነካት ሲል ጫፏ ብሎኗ ላይ አልቀመጥ አለችው። እጁ ይንቀጠቀጣል። በቀኝ ያዛት፣ በግራ ደገፋት፣ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ሴትዮዋ ምን ያህል ይቆያል ብላ ስትጠይቀው ሌላ ቀን ይምጡ አላት። በሩን ዘግቶ ከሰዓቶቹ ጋር ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ። አንተ እጅህን ጠብቅ የሚለው ሰው እንደሌለ የታወቀው ያን ቀን ነው።

ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ አለ። ሰዓት ሰሪው ለዓመታት በዚያ አልፏል፤ ብልጭታው ዓይኑን እንዳይጎዳው ፊቱን አዙሮ። ያን ዕለት ግን ቆመ። በያጁ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጥቁር ጭንብሉን ግንባሩ ላይ የገፋ፣ ሸሚዙ በብልጭታ የተበሳሳ ሰው ነው። ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያም በጨርቅ የተጠቀለለ ጣቱን አየ።

"የጉልቤ ወንድም አይደሉም እንዴ?"

"ነኝ።"

"ብሎን ላጡ?"

ሰዓት ሰሪው እንዴት እንዳወቀበት ግራ ተጋባ። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። በያጁ ነገ ጠዋት ብቅ እላለሁ አለው። ሰዓት ሰሪው ነገ የሚለውን ቃል ሲሰማ ልቡ ቁርጡን አወቀ። ሰውየው ግን በጠዋት ማሽኑን በጋሪ እየገፋ መጣ።

ደግሞም ቤቱን የሚያውቅ ሰው አመጣጥ ነው የመጣው። የግቢው በር መሸጎሪያ ከታች ገፋ ካልተደረገ እንደማይከፈት ያውቃል። የመብራት ገመዱን የሚሰካበትን ቦታ ሳይጠይቅ ሄዶ ሰካ። ብየዳው ሌላውን እንዳያቃጥል የባትሪውን ገመድ ነቀለ፤ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበትን የጎማ ቱቦ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለው። ከዚያም በደረቱ ተኝቶ ብሎኑን አየና ሳቀ።

"ጎን አውጥተውለታል። እንዲህ ያምር ነበር ለካ። ግን ብረቱ በዝገት ሞቷል፣ ጋሼ፤ የሞተ ብረት ቢሞርዱት አይሰማም።"

ከኪሱ አንድ ዳዶ አወጣና ክብ የሆነው የብሎን ራስ ላይ አስቀመጠው። ዳዶውን ከላይ በቀዳዳው በኩል ከብሎኑ ጋር እበይደዋለሁ፣ ያን ጊዜ አዲስ ራስ ይኖረዋል፣ ግለቱም ዝገቱን ያስለቅቀዋል አለ። ሰዓት ሰሪው ፊቱን አዞረ። ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ድርግም አለ፤ የተቃጠለ ዘይት ሸተተ። ብሎኑ ከቀይ ወደ ግራጫ እስኪመለስ ጠብቆ በያጁ ቁልፉን አጠለቀና፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያባበለ፣ ምንም ሳይታገል ፈታው። ብሎኑን አውጥቶ መሬት ላይ ጣለው፤ ገና ይጤሳል።

"አይ ጉልቤ" አለ ላቡን እየጠረገ። "ሲያስር አያዝንም።"

ሰዓት ሰሪው ወንድሜን ታውቀው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። በያጁ ቁልፉን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየው፤ ይናገር አይናገር ከራሱ ጋር የተማከረ መሰለ።

"አሁንማ ምን ይደበቃል" አለ። "ጉልቤ ብሎን ያልላጠበት እሑድ የለም። ሰኞ ጠዋት እርስዎ ወደ ሱቅ እስኪወጡ ጠብቆ ይጠራኛል። እኔ እንዲህ በይጄ አወጣለታለሁ፣ አዲስ እንገጥማለን። ከዚህች መኪና ውስጥ እኔ ያልነካሁት ብሎን ቢፈለግ አይገኝም። ሁልጊዜ ታዲያ 'ለወንድሜ እንዳትነግር' ይለኛል።"

"ለምን?"

"ያፍር ነበራ! 'ወንድሜ በዓይን የማትታይ ብሎን ሳያማት ይፈታል፤ እኔ አውራ ጣቴን የሚያህል እላጣለሁ፤ ቢሰማ ምን ይለኛል' ይል ነበር። የእርስዎን እጅ እኮ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ነበር የሚያወራው። አሰልችቶን ነበር።"

  በያጁ ጨርሶ ዕቃውን ሲሰበስብ ሰዓት ሰሪው ሌላ ነገር ጠየቀው፤ ወንድሜ ከእናንተ ጋር ያወራ ነበር ወይ አለ። ምን ማለትዎ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉ እኔ ዘንድ አልነበር እንዴ የሚውለው፣ ሥራ እስክንፈታ ነበር የሚያስቀን፣ ያልነገረን የመንገድ ታሪክ የለም አለው በያጁ፤ ደስ የሚያሰኝ ነገር የነገረው መስሎት። በያጁ ከሄደ በኋላ ሰዓት ሰሪው ያን ማሰብ አልተወም። ወንድሙ ቤት ሲደርስ ወሬውን ሁሉ ጨርሶ ነበር ለካ። ራት ላይ ሬዲዮ ሲከፍቱ፣ አንዱ የሚለው ያጣ ነበር፣ ሌላው ብሎ የጨረሰ።

አዲስ ሸራና አዲስ ብሎኖች ገዝቶ ራሱ ገጠማቸው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አጸዳ፣ ግራሶ ቀባ፣ ብሎኖቹን መጀመሪያ በጣቱ ብቻ አስገባቸው፤ ጥርሳቸው ከጥርስ ጋር መግጠሙን በጣቱ ጫፍ እየሰማ። ከዚያ በቁልፍ አጠበቃቸው፤ ልክ እስኪበቃቸው፣ ከዚያ ወዲያ ፍንክች አላደረጋቸውም። ጎማውን በእጁ ሲገፋው ዞረ። ዞሮ ዞሮ ቆመ። እጁም ከቀናት በኋላ ጸጥ አለለት። የሴትዮዋን ሰዓት ሠርቶ አስረከባት።

ወደ እህቱ ከመሄዱ በፊት በያጁን ሊያመሰግን ጥጉ ላይ ቆመ። በያጁ በር እየበየደ ነበር፤ በጭንብሉ ወደ አንድ አሮጌ የመኪና ወንበር ጠቆመው። እግር ተበይዶለት በር አጠገብ የቆመ ወንበር ነው፤ ጨርቁ መሐል ላይ ጎድጉዷል። ጉልቤ እዚያ ነበር የሚቀመጠው፣ ይቀመጡ አለው። ሰዓት ሰሪው ተቀመጠ። ጉድጓዱ ሰፋበት። አንድ ነገር ልናገር ብሎ አሰበ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ በሩ ንድፍ፣ ስለ ምንም። ማሽኑ ያጓራል፣ በያጁ ጎንበስ ብሏል፣ ሌሎቹ ሠራተኞች ይህ ሰው ያስቀን ይሆን ብለው እንደሚጠብቁ ሁሉ አንድ ሁለቴ ቀና ብለው አዩት። ጥቂት ቆይቶ ተነሣ፣ እጅ ነሥቶ ሄደ።

እህቱን በማግስቱ አመጣት። ከፊት ተቀመጠች፤ ምርኩዟን በጉልበቷ መሐል አቁማ፣ መንገዱን በሙሉ ስታወራ። ማርሽ አቀያየሩን አልነቀፈችም፤ ስለማታውቀው ነው። ጉልቤ ብሎን እየላጠ ይደብቅ እንደነበር ሲነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ልጅም ሆኖ እንዲሁ ነበር፣ የጫማውን ማሰሪያ በጥሶ ሲያበቃ አይጥ በላብኝ ይል ነበር አለች። ሰዓት ሰሪውም ሳቀ። በዚያ መኪና ውስጥ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

መቃብሩ ጋ ስትደርስ ምርኩዟን ተደግፋ ቆመች። አጠረባት መሰል፣ ከራስጌው እስከ ግርጌው በዓይኗ ለካችው። ይህን የሚያህል ሰው እዚህ ገባ ብላ ጠየቀችው። ገባ አላት። እሺ በቃ እንሂድ አለችና ክንዱን ያዘች።

ጥቂት ቀን ሰነበተች። የጉልቤን አልጋ አልጋዋ አደረገችው። አቧራውን ነቀፈች፣ ድስቱን ነቀፈች፣ መጋረጃውን አወረደችው። ቤቱ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ድምፅ ነበር፤ ሬዲዮው አልተከፈተም። ሰዓት ሰሪው ሱቁን እየቀደመ መዝጋት ጀመረ። የመጨረሻው ማታ ራት ላይ፣ ብዙ ካሰበበት በኋላ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ ተናገረ።

"እትዬ፣ እዚሁ ብትቀሪስ?"

 እጇን ዘርግታ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት፤ ምንም ያልተበላሸ ኮሌታ።

"ማሙሽዬ፣ እኔ እኮ ከቤቴ ውጭ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

"ይሄም ቤትሽ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች። "አውቃለሁ፣ የኔ ጌታ።"

ከዚያ በላይ አልተነጋገሩበትም። አንተ ለምን አትመጣም አላለችውም፤ የልጇ ቤት ጠባብ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። በነጋታው አድርሷት፣ የልጅ ልጆቿ ከበዋት ወደ ውስጥ ስትገባ አይቶ፣ ምሳ ብላ ሲሉት መንገድ ይረዝምብኛል ብሎ ተመለሰ።

መንገዱ ላይ ዝናብ ያዘው። ፍሬኑን ቁልቁለት ላይ ሞከረው፤ ቀጥ ብሎ ያዘለት፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልጎተተውም። ጎበዝ የሚለው አልነበረም እንጂ ሥራው ጥሩ ነበር። ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ እህቱ የረሳችው መሐረብ ነበር። ለመመለስ አስቦ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ለመሐረብ ተብሎ ግማሽ መንገድ እንደማይኬድ ለራሱ ነግሮ ቀጠለ።

ሰፈሩ ሲደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የግቢው በር ፊት ለፊት ቆሞ፣ ወንድሙ እሱ ወጥቶ እስኪከፍትለት ይጠብቅ እንደነበረው፣ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ነው የሚከፍትለት ሰው እንደሌለ ትዝ ያለው። ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ሁለቱን ተካፋች ገፋ፣ በድንጋይ አስደገፋቸው፣ ተመልሶ ገብቶ መኪናዋን አስገባ፣ እንደገና ወርዶ ዘጋ። መኪናዋን ውሃው ከማይንጠባጠብበት ጥግ አቆማት። የፊት ግራውን ጎማ በእጁ ዳሰሰው፤ ከጉዞው የተነሣ ሞቋል። እጁን ከጎማው ላይ ሳያነሣ ጥቂት ቆየ፣ ከዚያም መሐረቡን ይዞ ወደ ቤት ገባ።